ባለ ሦስት ስለት ሰንጢ ወይስ ባለ አንድ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍሎች! አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ ባለ ሦስት ስለት ሰንጢ ይዞልኝ መጣ። ከትልቁ ስለት በቀር ሌሎቹን ነክቻቸው አላውቅም። የዚያው ዓይነት ባለ አንድ ስለትም አለ አሉ፤ ጓደኞቼ ግን «ያው የተቀነሰበት ነው፣ ብርህን አታባክን» ይሉኛል። የምፈልገው ለፍራፍሬ፣ ለገመድ፣ አንዳንዴም አሞራ ገደል ስወርድ ለዓሣ ነው። ደግሞስ በአውሮፕላን ይዤው መሄድ እችላለሁ? ወንድማችሁ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ጓደኞችህ ስለት ብቻ ነው የቆጠሩት። ያንተው አሜሪካኖቹ «ስቶክማን» የሚሉት ዓይነት ከሆነ የተሠራው ለከብት አርቢ ነው። ሹሉ ስለት ለማንኛውም ሥራ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለው ለቀጥታ ቁርጥ፣ ጫፈ ዱልዱሙ ደግሞ... ከብት ለማኮላሸት! እኛ ዘንድ እንኳን ወይፈን ሲቀጠቀጥ ነው የኖረው። አንተም ሙክት የማዘጋጀት ሐሳብ ከሌለህ ያ ስለት ኪስህ ውስጥ በነፃ እየተንሸራሸረ ነው።

ሦስት ስለት አንድ እጀታ ውስጥ ለማጨቅ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሞላ ይገባበታል፤ ሲታጠፉ እንዳይፋተጉም አንዳንዶቹ ስለቶች ከሥራቸው ትንሽ ጎበጥ ተደርገው ይሠራሉ። ባለ አንዱ ግን አንድ ሞላ፣ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ የሚተኛ አንድ ስለት፣ በቃ። ቀጭን ነው፣ የሱሪ ኪስ አይወጥርም፣ ውስጡም ቶሎ ይጸዳል፤ ማንጎና ፓፓያ ለሚልጥ ሰው ደግሞ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ጭማቂው መታጠፊያው ላይ ደርቆ ሲጣበቅ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለህ። ዋጋው ግን ለሦስት ይካፈላል ብለህ እንዳትጠብቅ። እጀታውና መገጣጠሙ ያው ሥራ ነው።

ጉዳትም አለው። ካርቶን የቀደድክበት ስለት ራሱ ብርቱካን ሊልጥልህ ነው። ቶሎም ይደነዝዛል፣ ሁሉም ሥራ እሱ ላይ ነዋ። ስለዚህ ሞረድ ከቤት አይጥፋ።

ዓሣውን ግን ተወው። ቅርፊቱና ልጋጉ መታጠፊያው ውስጥ ይገባና ይሸታል፤ ይባስ ብሎ የድሮዎቹ ሰንጢዎች መቆለፊያ የላቸውም፣ ስለቱን የያዘው ሞላው ብቻ ነው። ጫፉ አጥንት ላይ ከተሰካና ከገፋኸው ጣትህ ላይ ሊታጠፍ ይችላል። ለቆሮሶ የወጥ ቤት ቢላ ያዝ፣ ወይ እዚያው ላሉት ልጆች ስጥና ይበልቱልህ።

መቆለፊያ ያለው ካማረህ የፈረንሳዩን ኦፒኔል ፈልግ። በ1890 እንደ ፈረንጆቹ ሲወለድም ባለ አንድ ስለት ነው፣ በ1955 ደግሞ የሚዞር የብረት ቀለበት ተጨመረለት። እጀታው እንጨት ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱ አልከፈትም ይላል፤ ሐይቅ ውስጥ እንዳትነክረው።

አውሮፕላኑ ላይ በእጅ ሻንጣ አይገባም፣ ባለ አንድም ሆነ ባለ ሦስት። ጠቅልለህ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተተው።