መልስ፦ መለያው ላይ ፊደል ይሻላል ወይስ ቁጥር?

ወንድሜ፣ የፍሪጅ የኃይል ቁጠባ መለያ ላይ ፊደል ይሻላል ወይስ የኪሎዋት ሰዓት ቁጥር ላልከው፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ግን ፊደሉና ቀለሙ ይጉሉ። ሰው ሱቅ ቆሞ ሒሳብ አይሠራም። እናቴ የላቲን ፊደል አታነብም፣ አረንጓዴውን ከቀዩ ግን በደንብ ትለያለች።

የአውሮፓ ኅብረትን እይ። ከኤ (ምርጡ) እስከ ጂ (ዝቅተኛው) በነበረው የመለያ ደረጃ ላይ ፕላስ እየደራረቡ እስከ ኤ ሦስት ፕላስ ሲደርሱ፣ ኤ ፕላስ ያየ ሁሉ ምርጡን የያዘ መሰለው፣ ከሱ በላይ ሁለት ደረጃ እያለ! እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ፕላሱን አንስተው ወደ ኤ-ጂ ተመለሱ። መጀመሪያ ላይ ኤ ባዶ ሊባል በሚችል ደረጃ እንዲቀር ማሰባቸውን በጣም ወድጄዋለሁ፣ ነገ ለሚመጣው የተሻለ ዕቃ ቦታ ይተዋል።

ቁጥሩንም እንደ አጠቃቀሙ አድርገው፦ ለፍሪጅ በዓመት፣ ለልብስ ማጠቢያ በ100 እጥበት።