የመንግሥት ወይስ የግል? በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስፖርት ላይ ለጠየቃችሁኝ የተሰጡ መልሶች

በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአገር አቋራጭና የመም ሩጫ ረዳት አሠልጣኝ ነኝ። ትልቁ ልጄ የተማረው በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ ታናሽ እህቱ ደግሞ በካቶሊክ ትምህርት ቤት። ስለዚህ የሁለቱንም ደጅ ጠንቼአለሁ። ከቅዳሴ ስንወጣም ሆነ በውድድር ሜዳ ዳር ቆመን ወላጆች የሚያነሡብኝ ጥያቄ ስለሚመሳሰል፣ ዛሬ ጊዜ ወስጄ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። «በእኛ አቆጣጠር» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (አንዲት እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ከቤታችን አሥር ደቂቃ የማይርቅ የግል ትምህርት ቤት አለ። የልጄ ትምህርት ቤት ግን ለስቴቱ ዋንጫ ከእርሱ ጋር አይገጥምም። ለምንድን ነው?

እህቴ፣ እዚህ አገር የትምህርት ቤት ስፖርትን የሚመራው የፌዴራል መንግሥት አይደለም። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ማኅበር፣ ማኅበሩም የራሱ ደንብ አለው። በሜሪላንድ የስቴቱ ሻምፒዮና የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ብቻ ነው። የካቶሊክና ሌሎች የግል ትምህርት ቤቶች በራሳቸው ሊጎች ይጫወታሉ፤ በእኛ አካባቢ ስሙ የገነነው የዋሽንግተን ካቶሊክ አትሌቲክስ ሊግ ነው። በቨርጂኒያም የመንግሥቶቹና የግሎቹ ማኅበራት የተለያዩ ናቸው፤ ሆኖም ሊንችበርግ ከተማ ያለው ሊበርቲ ክርስቲያን አካዳሚ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ2015 ወደ መንግሥቶቹ ማኅበር ገብቷል። ዲሲ ደግሞ በ2012 የመንግሥት፣ የቻርተር (በመንግሥት ገንዘብ ሆነው በራሳቸው ቦርድ የሚተዳደሩ) እና የግል ትምህርት ቤቶችን ለአንድ ዋንጫ የሚያገናኝ ማኅበር አቋቁማለች። ኢስተርን አቬኒውን ተሻግሮ ዲሲ የገባ ልጅ በአንድ እርምጃ ሌላ ሕግ ውስጥ ነው።

የልዩነቱ ሥር አድራሻ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ የሚያገኘው በተመደበለት የሠፈር ክልል ከሚኖሩ ቤተሰቦች ነው። ዘንድሮ ረጃጅም ልጆች ቢመጡለት ቅርጫት ኳሱ ይደምቃል፤ ካልመጡለትም ባለው ይጫወታል። የግል ትምህርት ቤት ግን ከሦስት ካውንቲና ከዲሲ ጭምር፣ በባቡርም በአውቶቡስም የሚመጣ ልጅ ፈትኖና መርጦ ያስገባል።

ጥያቄ (አንድ አባት፣ አሌክሳንድሪያ)፦ ነገሩ ሁሉ ገንዘብ አይደለም እንዴ?

ገንዘብ አለበት፤ ግን ብቻውን አይደለም። ሀያትስቪል ውስጥ ያለውን ዲማታን ይውሰዱ። ሞርጋን ዉተን የተባሉት የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ከ1956 እስከ 2002 በዚያ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሠርተው 1,274 ጨዋታ አሸንፈዋል። በጥር 1965 ኮል ፊልድ ሃውስ በተባለው አዳራሽ፣ ኋላ ካሪም አብዱልጀባር ተብሎ ዓለም ያወቀው ሉ አልሲንዶር የሚጫወትበትን የኒው ዮርኩን ፓወር ሜሞሪያል 46 ለ 43 ረቱ። ፓወር ሜሞሪያል እስከዚያች ቀን ድረስ 71 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነበር። ያንን ያመጣው አንድ ሰው ለአርባ ስድስት ዓመት ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቅ መሥራቱ ነው። ስሙ በወጣ ቁጥር ደግሞ ጎበዝ ልጅ ያለው ወላጅ ሁሉ ፊቱን ወደዚያ አዞረ። ስም ልጅ ይስባል፤ ልጁ ደግሞ ስሙን ያገንናል።

የቅርጫት ኳስ ኮከቡን ኬቪን ዱራንትን ይመልከቱ። የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ የሲት ፕሌዛንት ልጅ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ግን በሦስት የግል ትምህርት ቤቶች ነው የተማረው፤ ናሽናል ክርስቲያን፣ ከዚያ ቨርጂኒያ ያለው ኦክ ሂል፣ በመጨረሻም ሮክቪል የነበረው ሞንትሮዝ ክርስቲያን። ሠፈሩ ያሳደገውን ልጅ የሠፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ማሊያ ለብሶ አላየውም። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። አንድ ጎበዝ ሲሄድ አብረውት ልምምድ የሚሠሩትና በእርሱ የሚበረቱት ልጆችም ይጎድላሉ።

ገንዘቡን ካነሡ ግን የእኔን መጋዘን ላሳይዎት። ባለ ሹል የመም ጫማ የምናከማችበት አንድ የፕላስቲክ ሳጥን አለን፤ የተመረቁ ልጆች ትተውልን የሄዱት ነው። በየዓመቱ መጋቢት ላይ ልጆቹ ዙሪያውን ተንበርክከው ቁጥራቸውን ይፈልጋሉ። አንዴ አንዲት ልጅ 800 ሜትር ሮጣ እንደ ጨረሰች ጫማዋን አውልቃ ለጓደኛዋ ስትሰጥ፣ ያችኛዋ ገና የሞቀውን ጫማ አጥልቃ ወደ መነሻው ስትሮጥ አይቻለሁ። ይሁን እንጂ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁሉ እንደዚህ ነው ብዬ አልዋሽም። ሀብታም ሠፈር ያሉት የወላጅ ማኅበራቸው በሚያዋጣው ገንዘብ ከብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ይበልጣሉ። በአንጻሩ ሙሉ ቡድን ለማሰለፍ ልጅ የሚያጥራቸው ትንንሽ የግል ትምህርት ቤቶች ሞልተዋል።

ጥያቄ (አንድ ወንድም፣ ሚኒያፖሊስ)፦ እኛ ጋ ሁሉም በአንድ ማኅበር ነው። ሌሎቹ ስቴቶች ይህን እንዴት ነው የሚያመዛዝኑት?

ወንድሜ፣ በየቦታው ሌላ ዘዴ ነው። ትምህርት ቤቶች ለውድድር የሚመደቡት በተማሪ ብዛት ስለሆነ፣ አላባማ በ1999 የግል ትምህርት ቤቶችን የተማሪ ብዛት በ1.35 ማባዛት ጀመረች። ኢሊኖይ በ2005 የተወሰነ የመኖሪያ ክልል ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች 1.65 ማባዣ አመጣች፤ 1,000 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት 1,650 እንዳለው ተቆጥሮ ከትልልቆቹ ጋር ይመደባል ማለት ነው። ቴነሲ በ1997 ለተማሪዎቻቸው የክፍያ ድጋፍ የሚሰጡትን የግል ትምህርት ቤቶች ለይታ ሌላ ምድብ አቆመችላቸው። ኦሃዮ ውስጥ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች በምድብ ድልድሉ ላይ የቀረበውን ለውጥ ሦስት ዓመት በተከታታይ ድምፅ ሰጥተው ጣሉት፤ በ2014 በአራተኛው አለፈ። ኢንዲያና በ2012 ባጸደቀችው ደንብ ማንም ይሁን ማን፣ ደጋግሞ ያሸነፈውን ቡድን ወደ ላይኛው ምድብ ታወጣለች።

ከእነዚህ ሁሉ የኢንዲያና ይሻላል ባይ ነኝ። ማባዣ ዋንጫ በዋንጫ የሆነውንም፣ አንድ ጨዋታ አሸንፎ የማያውቀውን ትንሽ ትምህርት ቤትም በአንድ ጅራፍ ይገርፋል። ኢሊኖይም ይህን አይታ ያልተሳካላቸው ከማባዣው የሚድኑበትን መንገድ ከፍታለች። የእናንተዋ ሚኒሶታ የምትሠራው ደግሞ ልቤን ይነካዋል፤ በነጻ ወይም በቅናሽ ምሳ የሚመገቡ ተማሪዎች የበዙበት ትምህርት ቤት ሲመደብ ከተማሪው ቁጥር ላይ ቅናሽ ይደረግለታል። ድህነት በሜዳ ላይም እንደሚታይ ያመነ ደንብ ነው።

ጥያቄ (አንዲት እናት፣ ላንሃም)፦ በአንድ ውድድር ላይ የግል ትምህርት ቤት አሠልጣኝ ልጄን አይቶ «እኛ ጋ ይምጣ፤ ክፍያውን አታስቢ» አለኝ። ይህ የተፈቀደ ነው?

እህቴ፣ እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። በብዙ ማኅበራት ደንብ ልጅን ለስፖርት ብሎ ማግባባት ክልክል ነው፤ የክፍያ ድጋፍም የሚሰጠው የቤተሰቡ ገቢ ታይቶ እንጂ ልጁ ጎል ስላገባ አይደለም። ነገሩ ምን ያህል እንደሚካረር እንዲያዩት፦ ቴነሲ ውስጥ ብሬንትዉድ አካዳሚ የተባለ የግል ትምህርት ቤት አሠልጣኝ፣ ለመጪው ዓመት ለተመዘገቡ የ8ኛ ክፍል ልጆች ወደ ጸደይ ልምምድ የሚጠራ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ማኅበሩ 3,000 ዶላር ቀጣ፤ በአሜሪካ እግር ኳስ (ፉትቦል) እና በወንዶች ቅርጫት ኳስም ለሁለት ዓመት ከጥሎ ማለፍ አገደ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለት ጊዜ ደረሰ። በ2001 ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ማኅበሩ እንደ መንግሥት አካል ሕገ መንግሥቱን ማክበር አለበት አለ፤ በ2007 ግን ደብዳቤውን የከለከለው ደንብ የመናገር ነጻነትን አይጥስም ብሎ ለማኅበሩ ፈረደ። አንድ ደብዳቤ አሥር ዓመት አሟገተ።

ስለዚህ ከአሠልጣኙ ጋር በሜዳ ዳር አይስማሙ። በቀጥታ ወደ ተማሪ ቅበላ ክፍል ይሂዱ። በዋሽንግተን ሀገረ ስብከት ሥር ላሉት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ልጁ 8ኛ ክፍል እያለ የመግቢያ ፈተና ይቀመጣል፤ የገቢ ማስረጃ የሚቀርብበትም ቀን አለው፤ ያ ቀን ካለፈ ገንዘቡ ለሌላ ይሄዳል። ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ድጋፉ በየዓመቱ ይታደሳል ወይ? ልጁ ቢጎዳ ወይም ቡድኑን ቢተው ይቀጥላል ወይ? ዩኒፎርም፣ ኮምፒውተርና መጓጓዣ በማን ላይ ነው? የአሠልጣኙ ቃል አሠልጣኙ ሥራ ሲለቅ አብሮት ይሄዳል።

ጥያቄ (የ10ኛ ክፍል ተማሪ)፦ ጋሼ፣ ወደ ሌላ የመንግሥት ትምህርት ቤት መዛወር እፈልጋለሁ፤ የአክስቴ ቤት እዚያ ክልል ነው። መሮጥ እችላለሁ?

ልጄ፣ ከልቤ ነው የምነግርህ፦ በአክስትህ አድራሻ እንዳትመዘገብ። ቤተሰብህ በእርግጥ ቤት ከለወጠ ችግር የለም። ቤት ሳትለውጡ በልዩ ፈቃድ ብትዛወር ግን በእኛ ካውንቲ ልዩ ይሁንታ ካላገኘህ በቀር አንድ ዓመት ሙሉ ከውድድር ትታገዳለህ። በሐሰት አድራሻ ብትገባና ቢደረስበት ደግሞ አንተ የተሰለፍክበት ውጤት ሁሉ ሊሰረዝ ይችላል፤ ምንም ያላጠፉ ጓደኞችህም አብረውህ ያጣሉ። መጀመሪያ የትምህርት ቤትህን የስፖርት ኃላፊ አነጋግር። ያለህበት ቡድን ምን እንዳጎደለብህም ለአሠልጣኝህ ንገረው፤ ብዙ ጊዜ የሚዛወሩት ልጆች ይህን ሳይናገሩ ነው።

ጥያቄ (በቅርቡ በዲቪ የመጣ አባት)፦ ልጄ አዲስ አበባ 10ኛ ክፍል ጨርሶ ነው የመጣው። የዕድሜ ነገር ያሳስበኛል።

መጠንቀቅዎ ተገቢ ነው። በሜሪላንድ እስከ ኦገስት 31 ቀን 19 ዓመት የሞላው ልጅ በዚያ የትምህርት ዓመት አይሰለፍም፤ በቨርጂኒያ ቀኑ ኦገስት 1 ነው። በብዙ ቦታ ደግሞ 9ኛ ክፍል ከተገባበት ቀን ጀምሮ ስምንት ሴሚስተር ብቻ ስለሚቆጠር፣ አዲስ አበባ የተማረው ሊታሰብበት ይችላል። የክፍል ውጤቱን በሕጋዊ ትርጉም ይያዙ።

ከሁሉ በላይ የዘመን አቆጣጠሩን ያጣሩ። አንድ ሯጭ ነበረኝ፤ በ1999 በእኛ አቆጣጠር የተወለደ፣ ማለትም ያኔ የ16 ዓመት ልጅ። ቅጹን የሞላለት ዘመድ ቁጥሩን እንዳለ ገለበጠው፤ ኮምፒውተሩ የ24 ዓመት ሰው አድርጎ መለሰው። ፓስፖርትና የክትባት ካርድ ይዘን እስክናስተካክል ሳምንታት አለፉ። በመጀመሪያዎቹ ውድድሮች ልጁ ማሊያውን ለብሶ ከእኔ ጋር ዳር ቆሞ የጓደኞቹን ሰዓት ይመዘግብ ነበር። እኔ ቅጹን ቀድሜ ባየው ኖሮ እላለሁ እስካሁን።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ለእግር ኳስስ የትኛው ይሻላል?

በእግር ኳስ ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ክለቡ ነው የሚወስነው። ከ2007 እስከ 2020 የነበረው የአሜሪካ ሶከር ፌዴሬሽን የታዳጊዎች አካዳሚ ከ2012 ጀምሮ ልጆቹ ለትምህርት ቤት እንዳይጫወቱ ከልክሎ ነበር። በግል ትምህርት ቤት በስኮላርሺፕ ለሚማሩ አንዳንድ ልጆች ግን ፈቃድ ይሰጥ ነበር። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ያ ቀዳዳ አልነበረውም። ዛሬም ክለቡ ለትምህርት ቤት መጫወት ይፈቅድ እንደሆነ ሳይጠይቁ አይፈርሙ።

ጥያቄ (አንዲት እናት፣ ጌይተርስበርግ)፦ የኮሌጅ መልማዮች የሚያዩት የግሎቹን ብቻ ነው ይባላል። ልጄ ትቀር ይሆን?

አትቀርም። በቅርጫት ኳስና በአሜሪካ እግር ኳስ ስም ያላቸው የግል ትምህርት ቤቶች መልማይ እንደሚስቡ አልክድም። ሩጫ ግን ሌላ ነው፤ 800 ሜትርን በ2 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ የሮጠች ልጅ ውጤቷ በዚያው ምሽት ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፤ የኮሌጁ አሠልጣኝ የሚያየው ሰዓቷን ነው። ፊላደልፊያ የሚደረገው፣ ከ1895 ጀምሮ ያለው የፔን ሪሌይስ የዱላ ቅብብል የመንግሥቱንም የግሉንም ትምህርት ቤት በአንድ መም ያሰልፋል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የኮሌጅ ስፖርት ስኮላርሺፕ የሚያገኙት ከሁለተኛ ደረጃ ስፖርተኞች 2 በመቶ ያህሉ ናቸው። በኮሌጅ ስፖርት የመጀመሪያው ምድብ (ዲቪዥን 1) ኮሌጆች 16 ዋና ዋና የትምህርት ዓይነቶችና ከ4 ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ይጠይቃሉ፤ ሦስተኛው ምድብ ደግሞ የስፖርት ስኮላርሺፕ ጨርሶ አይሰጥም፤ የሚከፍለው ለትምህርት ውጤትና ለቤተሰብ አቅም ነው። እንግዲህ ሁለት ሥራ የሚሠራ ወላጅ በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር በላይ «ለስኮላርሺፑ ስል» ብሎ ሲከፍል ሳይ እንቅልፍ ይነሣኛል። ለትምህርቱ፣ ለሥነ ምግባሩ፣ ለክፍሉ አነስተኛነት ከሆነ ይክፈል። እኔም ልጄን የካቶሊክ ትምህርት ቤት ያስገባኋት ለዚያ ነው፤ ዝምተኛ ነበረች፣ 32 ልጆች ባሉበት ክፍል እጇን አታወጣም ነበር። በአዲሱ ትምህርት ቤት ሩጫውን በሁለተኛው ዓመት ተወችው፤ የክርክር ቡድን ገባች። ድጋፉ በገቢያችን የተሰጠ ስለነበር አልተነካም።

ጥያቄ (አንድ አያት፣ ባልቲሞር)፦ ሁለቱን አብረው ሲሮጡ የምናይበት ቦታ አለ?

አለ እንጂ፣ አባቴ! በሴፕቴምበር መጨረሻ ወደ ፓርክተን ይምጡ፤ ሄርፎርድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡል ራን የተባለውን የአገር አቋራጭ ውድድር ያዘጋጃል። የመንግሥቱም የግሉም ይመጣል። ልጆቹ «ዲፕ» ብለው የሚጠሩት ሸለቆ አለው፤ ቁልቁል ተንደርድረው ገብተው ሽቅብ በእጃቸው ጉልበታቸውን እየገፉ ይወጣሉ። እርስዎ ከመውጫው በላይ ይቁሙ። የልጅ ልጅዎ ሲደርስ «አይዞህ» ብለው ይጥሩት፤ በአማርኛ ሲጠራ እግሩ ይፈጥናል፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሣሩ ጠዋት ጤዛ ነው፤ ቦቲ ጫማ ያድርጉ፤ ጋቢም ይያዙ።