ደብተር ላይ ብቻ የተጻፈ ኪራይ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። የሰው ልብስ እያጠብኩ ነው የማሳድጋቸው። እዚህ ግቢ ከገባሁ አራት ዓመት ሆነኝ፤ ውል ተጽፎ ግን አያውቅም። ሰሞኑን አከራዬ «ከ3,500 ወደ 5,500 ብር ጨምሪ፣ የሦስት ወርም አስቀድመሽ ክፈይ። ካልሆነ ወሩ ሲያልቅ ልቀቂ» አሉኝ። ሕጉ ምን ይላል? ኪራይ መክፈል ባቆምስ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ኪራዩን እንዳያቆሙ። ተከራይ ተናዶ ክፍያ ሲያቆም በገዛ እጁ ነው ጉዳዩን የሚያበላሸው። አለመክፈል ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ነው። ጭማሪው ሕጋዊ መሆን አለመሆኑ ይረሳና «ለምን አልከፈልሽም?» ወደሚለው ይዞራል። ስለዚህ የለመዱትን 3,500 ብር በቀኑ ይክፈሉ። አልቀበልም ካሉዎት በባንክ ሂሳባቸው ያስገቡ፣ ምክንያቱ ላይም «የጥቅምት ወር የቤት ኪራይ» ብለው ይጻፉ። ሂሳብ ቁጥራቸውን ከከለከሉዎት ገንዘቡን በፍርድ ቤት በኩል ማስቀመጥ ይቻላል።

አሁን ወደ ሕጉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አዲስ አበባ ላይ ይሠራል። በዚህ አዋጅ አከራይ ደስ ባላቸው ወር ተነስተው መጨመር አይችሉም። ጭማሪ በዓመት አንዴ ነው፤ መጠኑንም የሚወስነው ከተማው ለዚህ ሥራ የሰየመው ተቆጣጣሪ አካል ነው። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፤ የሦስት ወሩ ጥያቄ እዚህ ላይ ያበቃል። የኪራይ ውል ደግሞ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ወረቀት የለዎትም። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የአከራዩ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሱትም ይህንኑ ነው። በደብዳቤዎ ጫፍ ላይ ግን አንድ ነገር ጽፈዋል፤ የአከራዩ ባለቤት በየወሩ የተቀበሉትን በልጅ ደብተር ላይ ይመዘግባሉ፣ እርስዎም አጠገቡ ይፈርማሉ። ያ ደብተር ውል አይሆንም። ቢሆንም አራት ዓመት ሙሉ ስንት እንደከፈሉ ያሳያል። ስልክ ካለዎት በሚቀጥለው ሲፈርሙ ገጹን ፎቶ ያንሱት። ከዚያ ወረዳዎ ወዳለው የቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄደው አከራዩ ውል ጽፈው እንዲያስመዘግቡ እንዲጠሩልዎ ያመልክቱ። ማመልከቻዎ ላይ መቀበላቸውን የሚያሳይ የገቢ ማህተም ያስመቱ፤ አንድ ቅጂም እጅዎ ላይ ይቅር።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ አከራዮች ከምዝገባ የሚሸሹት የኪራይ ግብርን ፈርተው ነው። ስለዚህ «ወረቀቱ ላይ 2,000 እንጻፍ፣ ቀሪውን በእጅ ትሰጪኛለሽ» ሊሉ ይችላሉ። እሺ እንዳይሉ። በእጅ የሰጡት ደረሰኝ የለውም፤ ነገ «አልከፈለችኝም» ቢባሉ የሚያሳዩት ነገር አይኖርዎትም። ሲፈርሙም ሁለት ምስክር ይኑር።

ወሩ ሲያልቅ ዕቃዎን በጉልበት አውጥተው በር ቢቆልፉብዎስ? ይህን ማድረግ አይችሉም። ማስወጣት የሚቻለው በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው። ለክስ የዳኝነት መክፈያ ከሌለዎት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በድህነት መክሰስን ይፈቅዳል፤ ከወረዳዎ የገቢ ማስረጃ ያጽፉና ለፍርድ ቤቱ በቃለ መሐላ ያቀርባሉ። ለጠበቃ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ይጠይቁ፤ በነጻ የሚረዱ ማዕከላት አሏቸው። ወረዳው ለማመልከቻዎ በሳምንት ውስጥ መልስ ካልሰጠዎት ማህተም ያለበትን ቅጂ ይዘው ወደ ክፍለ ከተማው ይሂዱ።