አዳማ ላይ ጂ+2 ለሚሠሩት ወንድሜ፦ የደረጃውን አናት በድፍን መስታወት አይዝጉት

ጠያቂው ወንድሜ፣ የጂ+2 ቤትዎ ሁለተኛ ፎቅ ገና ሳይለሰን እንደ ምድጃ መጋል መጀመሩን፣ የደረጃውን አናት በመስታወት ሊሸፍኑት ማሰብዎንና ለመኝታ ክፍሎቹ ኤሲ ልግዛ ወይ ብለው መጠየቅዎን አነበብኩ። እኔም የዛሬ ስድስት ዓመት እዚያው አዳማ ይህንኑ ስጠይቅ የሚመልስልኝ ሰው አላገኘሁም ነበር። ቤትዎም ከእኔው እንደማይለይ፣ ማለትም ደረጃው መሐል ላይ፣ ወጥ ቤቱ ምድር ላይ፣ መኝታው ከላይ እንደሆነ እገምታለሁ።

1. ኤሲውን ለጊዜው ይተዉት፤ ሙቀቱን በደረጃው አናት በኩል በራሱ ማስወጣት ይቻላልና። የሞቀ አየር ስለሚቀልል ወደ ላይ እንደሚወጣ ያውቃሉ፤ የሚያሳስተን የሚገፋው ኃይል ምን ያህል ደካማ እንደሆነ መዘንጋታችን ነው። ከምድር እስከ ደረጃው አናት 10 ሜትር ቢሆንና ውስጡ ከውጭው በ10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ የሚፈጠረው የግፊት ልዩነት 4 ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) እንኳ አይሞላም፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ውኃ የሚጫነውን ያህል መሆኑ ነው። አቧራ የጠገበ ወንፊት ብቻውን ያዳክመዋል።

2. አናቱን በድፍን መስታወት አይዝጉት። ይህን በሁለት መስመር ልጨርሰው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ገንዘቤን የበላው እርሱ ስለሆነ ታሪኩን ልንገርዎ። የአሉሚኒየም ሠራተኛው ብርሃን ይሰጣል፣ ዝናብም አያስገባም ብሎ አሳምኖኝ ድፍን መስታወት ገጠመልኝ። ብርሃኑንስ ሰጠኝ፤ ነገር ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የላይኛው ደረጃ የብረት መደገፊያ እጅ አያስነካም ነበር፤ ከታች የሚወጣው ሙቀትም መሄጃ አጥቶ እየተመለሰ መኝታ ክፍሎቹ ውስጥ ይተኛ ነበር።

መስታወቱን አስነቅዬ አናቱን ከፍ በማድረግ በጎኖቹ ሎቨር (አየር የሚያሳልፍ ዘንበል ያለ ርብራብ) ላስገባ ስል የፕላን ማሻሻያ ያስፈልጋል ተባልኩ። ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ አራት ጊዜ አመላለሰኝ፤ ሦስቱን ጊዜ ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነበር። በአራተኛው ቀን ሴክሽኑን፣ ማለትም ቤቱ ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ የሚታይበትን ንድፍ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ሳስረዳው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሙቀት ካስቸገረህ ለምን ደብረ ብርሃን አትሠራም?» አለኝ። አባቱ ልሆን የምችለውን ሰው «አንተ» ማለቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እ.ኤ.አ. በ1996 ዚምባብዌ፣ ሐራሬ ላይ የተከፈተውን፣ አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ የነደፈውን የኢስትጌት ሕንፃ ልጠቅስለት አስቤ ነበር፤ ያን የሚያህል የገበያና የቢሮ ሕንፃ የሌሊቱን ቀዝቃዛ አየር በኮንክሪቱ መሐል እያሳለፈ፣ የሞቀውን በጣሪያው ላይ ባሉ ጭስ ማውጫዎች ያስወጣል። (እርግጥ ማራገቢያም ያግዘዋል።) ግን ለማን ልንገረው?

ፈቃዱ ወጥቶ ሎቨሩ ከተገጠመ በኋላ ደግሞ የባሰ ነገር መጣ። ሌባና አቧራ ፈርቼ የምድሩን መስኮቶች ማታ ማታ እዘጋቸው ስለነበር፣ ከላይ የሚወጣው አየር ምትኩን ባገኘበት ቀዳዳ ሁሉ ይስብ ጀመር፤ የወጥ ቤቱ የሽንኩርት ቁሌት መኝታ ክፍላችን ድረስ ወጣ፤ ብዙም የማንጠቀምበት የምድሩ መታጠቢያ ቤት ፍሳሽ ማስወረጃ ውስጥ ሽታ የሚያግደው ውኃ ደርቆ ስለነበር ከዚያም ሽታው ተከተለ። ባለቤቴ «ለዚህ ነው እንዴ አራት ጊዜ የተመላለስከው?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም።

መፍትሔውን ያገኘሁት በቡና ሰዓት ነው። ከጀበናው አጠገብ የሚጤሰውን ዕጣን ይዤ ወደ ደረጃው የሚያስገባውን በር ገርበብ አድርጌ ከፈትኩና ከሥሩ ሳስጠጋው ጭሱ ወደ ደረጃው ተሳበ፤ ፎቅ በፎቅ እየወጣሁ ስሞክረው አንደኛው ፎቅ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግን ከደረጃው ወደ መኝታ ክፍሉ ይገባ ነበር። ደረጃው ከታች ካሉት ክፍሎች አየር እየሳበ ከላይ ወደ መኝታው እንደሚገፋው ገባኝ። ከዚያ በኋላ በሰሜን በኩል፣ ጥላ ባለበት ግድግዳ ሥር፣ ከላይኛው መውጫ የማያንስ ስፋት ያላቸው የብረት ፍርግርግና ወንፊት ያላቸው መግቢያዎች አስከፈትኩ፤ ማስወረጃው ላይም በየሳምንቱ አንድ ጆግ ውኃ እናፈሳለን። ደረጃውን በማስረዘም አይድከሙ፤ ከፍታውን እጥፍ ቢያደርጉት ፍሰቱ የሚያድገው በ1.4 ገደማ ብቻ ሲሆን መግቢያውንም መውጫውንም እጥፍ ካሰፏቸው ግን ፍሰቱ እጥፍ ይሆናል።

በቁጥር ሦስትና አራት ልጽፋቸው ያሰብኳቸውን መግቢያውንና ስፋቱን እዚሁ መሐል ጨርሻቸዋለሁ፤ የቀረኝ ነፋሱ ነው። አዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ከተማ ናትና ሎቨሩን ነፋሱ በሚመጣበት ፊት ካደረጉት ያ ደካማ ግፊት ይሸነፍና ሙቀቱ ተመልሶ ይገባል፤ የእኔን በተቃራኒው በኩል ብቻ ክፍት አድርጌዋለሁ። ቀን ውጭው ከውስጡ ሲሞቅ የታችኛውን እንዘጋለን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ እንከፍታለን፤ ግድግዳው ሌሊቱን በርዶ ያድርና እስከ እኩለ ቀን ይቆይልናል። ኤሲ አልገዛሁም።

መስታወቱ ገና ካልተገጠመ ሠራተኛውን ነገ ጠዋት ያስቁሙት። የእኔው የተነቀለው መስታወት ግቢ ጥግ ላይ ተደግፎ አለ፤ ልኩ ከሆነልዎ ለሌላ መስኮት መጥተው ይውሰዱት።