ኮዱን ማን ይንከባከበው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ኩባንያዎች ለክፍት ምንጭ ሶፍትዌር (ኮዱ ለማንም ክፍት ሆኖ በነጻ ለሚገኝ ሶፍትዌር) ስለሚያደርጉት አስተዋጽኦ ናቸው። አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ሥራችን በሙሉ የቆመው በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ነው። አለቃዬ ግን «በነጻ ለተሰጠን ነገር ለምን እንከፍላለን?» ይላሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ኦፕንኤስኤስኤል የተባለውን ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ታሪክ ይንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኸርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ክፍተት ሲገኝበት፣ እጅግ ብዙ ድረ ገጾች የደንበኞቻቸውን ምስጢር የሚጠብቁት በዚህ ሶፍትዌር ነበር። ስህተቱ ለሁለት ዓመት ያህል ማንም ሳያየው ቆይቷል። ፕሮጀክቱ በዓመት የሚያገኘው ልገሳ 2,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር፤ ሙሉ ጊዜውን የሚሠራበትም አንድ ሰው። ክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶችን የሚደግፈው ድርጅት ሊነክስ ፋውንዴሽን ትልልቅ ኩባንያዎችን አስተባብሮ ገንዘብ ያዋጣው ከአደጋው በኋላ ነው። ፈቃዱ ክፍያ አይጠይቅም፤ ጥገናው ግን የሰው ጊዜ ይበላል። አለቃዎ ዛሬ ያላወጡትን ገንዘብ ነገ አንድ ነገር ሲበላሽ፣ ያውም በጥድፊያ፣ ያወጡታል።

ጥያቄ፦ በጀት ተፈቀደልን። በአንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ገንዘብ ብንሰጥ ይሻላል ወይስ በየወሩ?

መልስ፦ በየወሩ። በአንድ ጊዜ ስጦታ ተማምኖ መደበኛ ሥራውን የሚለቅ ሰው የለም፤ በየወሩ እንደሚመጣ የሚያውቀው ገንዘብ ግን ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ለፕሮጀክቱ እንዲመድብ ያስችለዋል። መጠኑን ለመወሰን መነሻ ከፈለጉ፣ ኦፕን ሶርስ ፕሌጅ የተባለው የኩባንያዎች ቃል ኪዳን ለእያንዳንዱ ተቀጣሪ ፕሮግራመር በዓመት ቢያንስ 2,000 ዶላር ይላል። ለመክፈል ጊትሀብ ስፖንሰርስና ኦፕን ኮሌክቲቭ የተባሉ የኢንተርኔት መድረኮች አሉ። ስማቸው የገነነውን ብቻ አይመልከቱ። የምትጠቀሙባቸውን ላይብረሪዎች (ፕሮግራመሮች በሥራቸው ውስጥ የሚያስገቧቸውን ዝግጁ ኮዶች) ዝርዝር አውጥታችሁ ከታች፣ ማንም ስሙን የማይጠራውን ፈልጉ። ገንዘቡንም «ይህን አዲስ ተግባር ጨምርልን» ከሚል ትእዛዝ ጋር አታያይዙት።

ጥያቄ፦ ፕሮግራመሮቻችን በትርፍ ሰዓታቸው ቢያግዙስ?

መልስ፦ አይሆንም። ጥቅሙ የኩባንያው ከሆነ ሰዓቱም የኩባንያው ይሁን።

ጥያቄ፦ አንድ ላይብረሪ ላይ ስህተት አግኝተን ለራሳችን አስተካክለነዋል። ማስተካከያውን ለዋናው ፕሮጀክት ልከን መልስ ስንጠብቅ ወራት አለፉ። እንጫናቸው ወይስ የራሳችንን ቅጂ ይዘን እንቀጥል?

መልስ፦ የራሳችሁን ቅጂ መያዝ መጀመሪያ ላይ ቀላል ይመስላል። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ግን ያቺን ማስተካከያ እንደገና መግጠም ይመጣል፤ የሠራት ሰው ሥራ ሲለቅ ደግሞ ለምን እንደተጨመረች የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ ወደ ዋናው ፕሮጀክት ማስገባቱ ይሻላል። መጫን ግን አይገባም። ኤክስዚ የተባለውን ፋይል ማመቂያ ያስታውሱ። አንድ ሰው ብቻውን ለዓመታት ሲንከባከበው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራው ተጓተተ የሚሉ የወቀሳ መልእክቶች በረከቱበት፤ እሱም ጤናው እንደታወከና ሥራውን የሚሠራው ያለ ክፍያ እንደሆነ ገልጾ ነበር። «ላግዝህ» ብሎ የቀረበ፣ ማንነቱ እስካሁን ያልታወቀ ሰው አመኔታውን ካገኘ በኋላ ሶፍትዌሩ ውስጥ ድብቅ በር፣ ማለትም በምስጢር ሰርጎ መግቢያ ኮድ፣ አስገባ። በመጋቢት 2024 የተደረሰበት አንድ መሐንዲስ ከሰርቨር ጋር መገናኘት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተውሎ ምክንያቱን ስለመረመረ ነው። ያ ብቸኛ ተንከባካቢ ቀድሞ የሚረዳው ደመወዝተኛ ቢያገኝ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

እናንተ ዘንድ ያንን ላይብረሪ የሚያውቅ ፕሮግራመር አለ። በሳምንት ግማሽ ቀን ስጡት። የራሳችሁን ማስተካከያ ትቶ በቅድሚያ ሌሎች ያቀረቧቸውን የስህተት ሪፖርቶች ይመርምር፤ ስህተቱ በእርግጥ መኖሩን አረጋግጦ፣ የሚያሳይ አጭር ሙከራ ጽፎ ያያይዝ። ተንከባካቢውንም በአንድ አጭር መልእክት «የትኛው ሥራ ከብዶሃል?» ብሎ ይጠይቀው።