የቢሮን ፋይል ከውጭ ሆኖ በብራውዘር መክፈት

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። አዲስ አበባ የምንገኝ ትንሽ የሒሳብ ሥራ ድርጅት ነን፤ 12 ሠራተኞች አሉን። ፋይሎቻችን በሙሉ ቢሮ ባለው የኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ናቸው፤ የምንከፍታቸው በሳምባ (ፋይልን በቢሮ ኔትወርክ በሚያጋራው ፕሮግራም) ነው። ችግሩ አንድ ሰው ደንበኛ ጋ ሲሄድ ነው። «እስቲ በቴሌግራም ላኩልኝ» ይላል፣ እንልካለን፣ እሱም እዚያ ያስተካክላል፣ እኛም እዚህ እናስተካክላለን፣ መጨረሻ ላይ «የመጨረሻ» እና «የመጨረሻ 2» የሚባሉ ኤክሴሎች ይዘን እንቀራለን። በብራውዘር እንዲከፍቱት ማድረግ ይቻላል? አንድ ባለሙያ የሳምባውን ፖርት ለኢንተርኔት ክፈቱት ብሎናል።

መልስ፦ ፖርቱን እባካችሁ እንዳትከፍቱት። የሳምባው ፖርት፣ 445፣ ለቢሮ ውስጥ ኔትወርክ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ በር ነበር። እሱ የዊንዶውስ ጣጣ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ በዚያው ወር ሳምባም ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኝቷል። እናንተ ደግሞ የሰው ሒሳብ ነው የያዛችሁት።

እኔ ብሆን ኔክስትክላውድን፣ ማለትም ፋይልን በብራውዘር የሚያስከፍተውን ፕሮግራም፣ እጭናለሁ። ነፃ ነው፣ እዚያው ሰርቨር ላይ ይሠራል። ሠራተኛው አድራሻውን ብራውዘር ላይ ይጽፋል፣ በስሙና በይለፍ ቃሉ ይገባል፣ አለቀ። ፋይሎቹን ግን ወደ ውስጡ አትገልብጡ! አንዱ ፋይል ሁለት ቦታ ከተቀመጠ ከ«የመጨረሻ 2» አልተገላገላችሁም። «ኤክስተርናል ስቶሬጅ» የሚባለውን አፕ አብሩና ፎልደሩን ባለበት አገናኙት።

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። አፑ «ሎካል» (ፎልደሩን ከዲስኩ በቀጥታ) እና «ኤስኤምቢ» (በሳምባ በኩል) የሚሉ ምርጫዎች አሉት። ሎካል ቀላል ነው፤ እኔም ለአንድ ቢሮ ስሠራ እሱን ነበር የመረጥኩት። በሎካል ግን ፋይሉን የሚከፍተው ዌብ ሰርቨሩ ራሱ ነው፣ ስለዚህ ሳምባ ላይ ማን ምን ይይ ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ገደብ በሙሉ ይታለፋል። በማግስቱ እንግዳ ተቀባይዋ ደወለችልኝ፤ የሁሉም ሰው ደመወዝ ስክሪኗ ላይ ነው። ደንግጣ ነበር። እኔም ደነገጥኩ። ኤስኤምቢን ምረጡ፣ እያንዳንዱ ሰው በራሱ መግቢያ እንዲከፍት የሚያደርገውንም ምርጫ ውሰዱ። ለዚህ የሳምባና የኔክስትክላውድ ስምና ይለፍ ቃል አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው።

ለውጭ የሚከፈተው ፖርት 443 ነው፣ መረጃውን መንገድ ላይ በሚያመሰጥረው በኤችቲቲፒኤስ። ለዚህ የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነፃ ይሰጣል። ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ በስልክ አፕ የሚመጣውን ባለ 6 አሃዝ ኮድም ለሁሉም ሰው አስገዳጅ አድርጉ።

አንድ ነገር ቀረ፣ ለእናንተ ዋናው እሱ ነው። ኔክስትክላውድ ብቻውን ኤክሴል አያስተካክልም፤ ሰውየው ዳውንሎድ አድርጎ፣ ሠርቶ፣ መልሶ ይጭናል፣ ይኼ ደግሞ ከቴሌግራሙ ብዙም አይሻልም። ሰነድን እዚያው ብራውዘር ላይ የሚያስተካክሉትን ኮላቦራን ወይም ኦንሊኦፊስን ጨምሩበት፤ ያኔ ሁለት ሰው አንዱን ሰንጠረዥ አብሮ ከፍቶ ይሠራል። ቢሮ ያሉትም ያንን ፋይል በሳምባ ሳይሆን በብራውዘር ይክፈቱት፤ አንዱ በዚህ ሌላው በዚያ ከገባ የአንደኛው ሥራ ይጠፋል።