የአንባብያን ጥያቄ፦ ስኳር ያለባቸው አረጋውያንና አስታማሚዎቻቸው

ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ «ስኳሩን እንዴት እናውርደው?» የሚሉ ናቸው። ዕድሜው የገፋን ሰው በአንድ ሌሊት ለሞት የሚያደርሰው ግን ብዙ ጊዜ የወረደ ስኳር ነው። ከዚያ እንጀምራለን።

«እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ለስኳሯ ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። ሰሞኑን ሊነጋጋ ሲል ላብ አጥምቋት፣ የማይያያዝ ነገር ስትለፈልፍ አገኘናት። ጎረቤት «ለክፏት ነው» ብሎ ጸበል ረጨባት። ኋላ ሻይ ስንሰጣት ተመለሰች። ምን ሆና ነው?» (ከመሐል ሜዳ)

ስኳራቸው ወርዶ ነው። ያነቃቸውም በሻዩ ውስጥ የነበረው ስኳር ነው። ጸበሉን አንነቅፍም፤ ስኳሩ ግን መቅደም አለበት።

በዴሲ ሊትር ደም ከ70 ሚሊ ግራም በታች የሆነ ስኳር ወርዷል ይባላል። ወጣት ሰው ሲወርድበት ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይርበዋል። አረጋውያን ላይ እነዚህ ምልክቶች ደብዛዛ ናቸው። ዝም ማለት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት፣ መንገዳገድ፣ ሰው አለመለየት ሊቀድም ይችላል። ለደም ግፊት አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚወስዱ ከሆነ የልብ ምቱና መንቀጥቀጡ ይደበቃል፤ ላቡ ግን አይደበቅም። ስለዚህ ሌሊት አንገታቸውንና ጀርባቸውን ዳስሱ።

ነቅተው መዋጥ ከቻሉ 4 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማርም ይሆናል። ቂጣ፣ ቆሎ ወይም ወፍራም በሶ በዚያች ሰዓት አይረዳም፤ እስኪፈጭ ጊዜ ይፈጃል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ፤ መለኪያ ከሌለ ሁኔታቸውን ተመልከቱ። ካልተሻላቸው ያንኑ ያህል ድገሙ። ሲነቁ ወተት በዳቦ ወይም ትንሽ እንጀራ አብሉ፤ ካልበሉ ስኳሩ ተመልሶ ይወርዳል። ራሳቸውን ከሳቱ ምንም ነገር በአፋቸው አታድርጉ። ወደ ሳንባቸው ይገባል። በጎናቸው አስተኝታችሁ በተገኘው መኪና ወደ ጤና ተቋም አድርሷቸው።

የእናትዎ ጉዳይ ግን በሻይ አላለቀም። ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ ብዙ ይቆያል፤ በዕድሜ የደከመ ኩላሊት ደግሞ ቶሎ አያስወግደውም። የተመለሰ የመሰለው ስኳር እስከ ማግስቱ ድረስ ደጋግሞ ሊወርድ ይችላል። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ተስማሚ አይደለም ይላል። የሚቀጥለውን ኪኒን ሳትሰጧቸው ወደሚከታተሉበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዷቸው፤ የሆነውንም በዝርዝር ተናገሩ። ኩላሊታቸው ተመርምሮ ወደ ግሊክላዛይድ ወይም ሌላ መድኃኒት ሊቀየርላቸው ይችላል። «ኪኒኑ ተስማምቷቸዋል፤ ስኳራቸው 75 ሆኗል» ብሎ መደሰት በዚህ ዕድሜ ስሕተት ነው። ሌላም ሕመም ላለባቸው አረጋዊ ሳይበሉ ከ90 እስከ 150፣ ሲተኙ ከ100 እስከ 180 ቢሆን እንመርጣለን። ማታ ከ100 በታች ከሆነ አንድ ኩባያ ወተት ጠጥተው ይተኙ።

አረቄም እዚህ ጋ ይነሣ። ማታ የተጠጣ አረቄ ጉበት ስኳር እንዳይለቅ ስለሚይዘው፣ እራት ያልበላን ሰው ስኳር የሚጥለው ወደ ንጋት ገደማ ነው። ቤተሰብም «ስካሩ አልለቀቀውም» ብሎ ይተወዋል።

«አባቴ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋል። ፍሪጅ የለንም፤ ቆላው ደግሞ ይፋጃል። ብልቃጡን የት እናስቀምጥ? መርፌውን የምሞላለት እኔ ነኝ።» (ከሸዋሮቢት)

ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። ትርፉን ጤና ጣቢያው ፍሪጅ እንዲያስቀምጥላችሁ ጠይቁ፤ ቤት የሚቀመጠው አሁን የምትጠቀሙበት ብቻ ይሁን። ለእሱ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ያልተቀባ የሸክላ ማሰሮ ይበቃል። ትንሹን በትልቁ ውስጥ አድርጉ፣ መሐሉን አሸዋ ሙሉ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ በውኃ አርጥቡ። ብልቃጡን በፌስታል ቋጥራችሁ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ አስገቡና በእርጥብ ጨርቅ ክደኑ። ማሰሮው ንፋስ በሚያገኘው ጥላ ይቀመጥ፤ ምድጃ አጠገብ ወይም ሳጥን ውስጥ ከሆነ አይቀዘቅዝም።

የተከፈተበትን ቀን በፕላስተር ጽፋችሁ ለጥፉበት፤ አብዛኛው ዓይነት ከ4 ሳምንት በላይ አይሠራበትም። ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ይይዛል። አባትዎ በቀን 24 ዩኒት ቢወጉ በ28 ቀን የሚያልቀው 672 ነው። የተረፈው ያሳሳል፤ ቢሆንም ይጣል። ጥርት ያለው ዓይነት ከደፈረሰ፣ ወተት የሚመስለው ደግሞ ከተጓጎለ ወይም ግድግዳው ላይ ከተጣበቀ ተበላሽቷል። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም አይሠራም። ከደብረ ብርሃን በጣርማበር ስትወርዱ ብልቃጡ ከእጅ ቦርሳ አይለይ፤ መኪናው ጣራ ላይ ወይም መስታወት ሥር አይቀመጥ።

አሞላሉ ላይ ሁለት ነገር ያሳስበናል። አንደኛው ሲሪንጁ ነው። ብልቃጡ ላይ 100 ዩኒት በሚሊ ሊትር የሚል ከሆነ ሲሪንጁም የ100 መሆን አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ክዳኑ ብርቱካንማ ነው። ባለ ቀይ ክዳኑ የ40 ነው፤ በእሱ ከተሞላ አባትዎ 2 ተኩል እጥፍ ይወጋሉ። ደግሞ በባለ 1 ሚሊ ሊትሩ ሲሪንጅ እያንዳንዷ ትንሽ መስመር 1 ሳትሆን 2 ዩኒት ናት። ሁለተኛው መድገም ነው። አረጋውያን ወግተው ይረሳሉ፤ ልጅ መጥቶ እንደገና ይወጋል። የሚወጋው አንድ ሰው ይሁን፤ እንደወጋም ቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት ያድርግ።

ወተት መሳዩን በመዳፍ መካከል 20 ጊዜ ያህል አንከባሉ እንጂ አትናጡት። ምግቡ መቅረቡን ሳታዩ አትውጉ። ከእምብርት ሁለት ጣት ራቅ ብላችሁ፣ በየቀኑ ቦታ እየቀያየራችሁ ውጉ፤ መርፌውን ከመንቀል በፊት እስከ 10 ቁጠሩ። አንድ ቦታ ብቻ ሲወጋ ቆዳው ያብጥና ይደድራል፤ እዚያ የተወጋ መድኃኒት አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን አይሠራም።

«አያቴ የስኳር መርፌ ትወጋለች፤ ፍልሰታን እስከ 9 ሰዓት ካልጾምኩ ትላለች። መርፌዋን ትተወው?» (ከእነዋሪ)

በራሷ ውሳኔ አትተወው፤ እንደ ወትሮው ወግታም አትጹም። ወተት መሳዩ ኢንሱሊን ጠዋት 1 ሰዓት ከተወጋ ጉልበቱ የሚበረታው ከረፋዱ 5 እስከ ከሰዓት 11 ሰዓት ነው፤ ማለትም ሆዷ ባዶ በሆነበት ሰዓት። ጾሙ ሳይገባ፣ በሐምሌ፣ ሐኪሟ ዘንድ ሄዳችሁ መጠኑና ሰዓቱ ይስተካከል። ከንስሐ አባቷም ጋር ተነጋገሩ፤ ሕመምተኛን ለመፍታት እሳቸው የቀረቡ ናቸው። ከጾመች 5 ሰዓትና 8 ሰዓት ላይ ትለካ። ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ የዚያን ቀን ጾም ታቋርጥ። ባለፉት ወራት ራሷን የሳተችበት ጊዜ ካለ ግን ባትጾም እንመክራለን። የጾም ምግብ ስኳር አይጨምርም የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ከሽሮው ይበልጥ አብሮት የሚበላው እንጀራና ድንች ይጨምራል።

«መለኪያችን ጠዋት ጠዋት አይሠራም፤ ሲሠራም አንዳንዴ ያጋንናል።» (ከደብረ ብርሃን)

ብርዱ ይሆናል። አብዛኞቹ መለኪያዎች ከ10 ዲግሪ በታች አይሠሩም፤ የጥቅምትና የኅዳር ንጋት ደግሞ ከዚያ ይወርዳል። ጋቢ ውስጥ አድርጋችሁ አሙቁት፤ እሳት ላይ ግን አይሆንም። ለሚያጋንነው ደግሞ እጅ በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ። ማር ወይም ሻይ የነካው ጣት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

«አባባ ማታ ማታ እግራቸውን ምድጃ ላይ ያሞቃሉ። ይከልከሉ?» (ከአንኮበር)

አዎ። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ቃጠሎው ሳይሰማቸው ይቆስላሉ። የሱፍ ካልሲ ይልበሱ፤ እግራቸውን የሚታጠቡበትን ውኃ እርስዎ በክርንዎ ይለኩላቸው። ማታ ማታ በባትሪ መብራት መርገጫቸውንና የጣታቸውን መሐል ይዩ። ጫማቸውን ከማጥለቃቸው በፊት በእጅ ዳብሱት፤ ጠጠር ወይም ምስማር ይኖራል። ቁስል ካገኙ ቅጠል ወይም ቅቤ ሳይቀቡ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ያድርሷቸው፤ ከጠቆረ ወይም ከሸተተ ግን በዚያው ቀን።